ከድምፃዊ ጀርባ የተቀመጠ የጃዝ ድራመር

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ 26 ዓመቴ ነው። ስድስት ዓመት ድራም ተምሬያለሁ፤ አብዛኛው ጃዝ ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በሳምንት አንድ ቀን ጃዝ እንጫወታለን። ክፍያው የታክሲ እንኳ አይሸፍንም። አሁን አንድ የታወቀ ድምፃዊ ባንዱ ውስጥ እንድገባ ጠይቆኛል። ጓደኞቼ ‹እዚያ ከገባህ ጃዝህ አለቀ› ይሉኛል። እውነት ነው? ሥራው ከእኔ ምን ይፈልጋል? ዕድሜ ልክስ ያስኬዳል? ደግሞ የራሴን ሲምባል (የድራሙን የብረት ሳህኖች) ይዤ ልሂድ ወይስ እዚያ ባለው ልጫወት?»

መልስ፦ ግባ። ጃዝህ አያልቅም። እንዲያውም ጃዝ ምን ያህል እንደገባህ የምታውቀው ከድምፃዊ ጀርባ ስትቀመጥ ነው።

ይህን የምልህ ላጽናናህ ብዬ አይደለም። እዚህ ወንበር ላይ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሆቴል ተጫውቻለሁ፣ ሰርግ ተጫውቻለሁ፣ ትልልቅ ኮንሰርትም ተጫውቻለሁ። አሁን ልጆች አስተምራለሁ። ጓደኞችህ የሚሉህን እኔም በአንተ ዕድሜ ሰምቼዋለሁ፤ እንቅልፍ ነስቶኛል። ያረጋጋኝ ከእኛ በፊት የነበሩት ምን እንዳደረጉ ማወቄ ነው። ስለዚህ ከእነሱ ልጀምር። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ጂሚ ኮብን ታውቀዋለህ። በ1959 ትራምፔት ነፊው ማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ»ን ሲቀዳ ድራሙ ላይ የነበረው እሱ ነው። ጃዝ የሚማር ልጅ ሁሉ በዚያ አልበም በኩል ያልፋል። ግን ኮብ ከዚያ በፊት፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ዳይና ዋሽንግተንን ያጅብ ነበር። ዳይና ብሉዙንም ባላዱንም የምትዘፍን፣ ሕዝብ የሚወዳት ድምፃዊት ነበረች። በ1970ዎቹ ደግሞ ኮብ ለዓመታት የሣራ ቮን ድራመር ሆነ። በ1973 ቶኪዮ ላይ ከሣራ ጋር ያቀረቡት ኮንሰርት ተቀድቷል። ፈልገህ ስማው። ከእሷ ጋር ያሉት ፒያኖ፣ ቤዝና ድራም ብቻ ናቸው። ሣራ ድምጿን ስታወርድ ኮብ አብሯት ይወርዳል። አንድም ጊዜ ከእሷ በላይ አይወጣም። ምቱ ግን አይላላም። በ2020 በ91 ዓመቱ ሲያርፍ የተሸኘው እንደ ጃዝ ሰው ነው። የድምፃዊቷ ዓመታት ምንም አልቀነሱበትም።

ሌላም ልጨምርልህ። የካቲት 1960 በርሊን። የጃዝ ድምፃዊቷ ኤላ ፊትዝጄራልድ «ማክ ዘ ናይፍ»ን መዝፈን ጀመረች። መሃል ላይ ግጥሙ ጠፋት። አዳራሹ ሙሉ ነው፤ ቅጂም እየተካሄደ ነው። ቃል እየፈጠረች ቀጠለች። መርሳቷን ራሱ ዘፈነችው። በመጨረሻም ሉዊስ አርምስትሮንግን መስላ ዘፈነች። ያ ቅጂ ግራሚ አሸነፈ።

ስለዚያ ምሽት ሲወራ የሚነሳው የኤላ ብልሃት ነው፤ ይገባታልም። አንተ ግን ድራሙን ስማ። ድራም ላይ የነበረው ጋስ ጆንሰን ነው፤ ከካውንት ቤዚ ባንድ የመጣ ሰው። ኤላ ቃሉ ሲጠፋት ጆንሰን አልደነገጠም። ድምፅ አልጨመረም። «ልርዳት» ብሎ ፊል፣ ማለትም ክፍተት የሚሞላ የምት ጌጥ፣ አልደረደረም። ምቱን እንደያዘ ሄደ። ዘፈኑ በየመሃሉ ግማሽ ቶን ከፍ እያለ ይሄዳል፤ እሱ ግን መሬቱን አላንቀሳቀሰባትም። ኤላ እንደልቧ የሆነችው ከእግሯ በታች ያለው ስላልተነቃነቀ ነው። እኔ ተማሪዎቼን ይህን ቅጂ ሦስት ጊዜ አሰማቸዋለሁ። መጀመሪያ ኤላን፣ ሁለተኛ ቤዙን፣ ሦስተኛ ጆንሰንን ብቻ።

እንግዲህ ሥራው ከአንተ የሚፈልገው ይህን ነው። እስከ ዛሬ የተማርከው ፒያኒስቱ የሚልህን ሰምተህ መመለስ ነው። አሁን የምትሰማው ሰው ቃል የሚናገር ሰው ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ወጣት ሳለሁ አንዲት አንጋፋ ድምፃዊት አጅቤ ነበር። ቦታው ሆቴል ነው። ያኔ እጄ ፈጣን ነበር፣ ማሳየትም እፈልግ ነበር። በየስንኙ መጨረሻ ፊል አስገባለሁ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ዞር ሳትል መዳፏን ወደ ኋላ ዘርግታ ዝቅ አደረገችው። ዝም አልኩ። ሥራው ሲያልቅ ጠራችኝ። «ልጄ፣ የዘፈንኩትን ግጥም ታውቀዋለህ?» አለችኝ። አላወቅኩትም። ዜማውን አውቀዋለሁ፣ ኮርዱን አውቀዋለሁ፣ መግቢያና መውጫውን አውቀዋለሁ። ግጥሙን ግን አንድ ስንኝ እንኳ ሙሉውን መድገም አልቻልኩም። አልተቆጣችኝም። «እንግዲያው ከምን ጋር ነበር የምትጫወተው?» አለችኝ። ያንን ጥያቄ እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ።

ስለዚህ አንደኛው ሥራህ ግጥም ማጥናት ነው። ሁሉንም፣ በቃልህ። ለአማርኛ ዘፈን ደግሞ ይህ ከየትኛውም ቋንቋ በላይ ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደሆነ ላስረዳህ።

አማርኛ ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ የሚለወጥ ቋንቋ ነው። «አለ» ላልቶ ሲነገር «ተናገረ» ማለት ነው። ጠብቆ ሲነገር ደግሞ «ይገኛል» ማለት ነው። ልዩነቱ ያለው «ለ» ላይ በሚቆየው ቅጽበት ነው። ድምፃዊው ያቺን ፊደል ሲረግጣት አንተ ስኔር (ሹል ድምፅ ያለውን ከበሮ) ወይም ክራሽ (ጯሂውን ሲምባል) ከጣልክባት ትሸፈናለች። አድማጩ ዜማውን ይሰማል፤ ቃሉን ግን ይገምታል። በዚህ ላይ ሰምና ወርቁን ጨምርበት። የጥሩ ዘፈን ግጥም ውስጥ ሁለት ትርጉም የተሸከመች ቃል አለች። ቅኔ የሚያውቁ ሰዎች ኅብረ ቃል ይሏታል። አድማጩ ወርቁን የሚያገኘው በእሷ በኩል ነው። ድምፃዊው ያቺ ቃል ላይ ሲደርስ አንተ ቀለል ማለት አለብህ። ራይዱን፣ ምት የምትይዝበትን ሲምባል፣ ብቻ ይዘህ፣ እጅህን አቅልለህ እለፍ። ቃሏ ካለፈች በኋላ ሰው ገብቶት «እህ» የሚልባት ትንሽ ክፍተት ትመጣለች። ፊል ካለህ ቦታው እዚያ ነው።

እኔ የግጥሙን ወረቀት ወስጄ እነዚያን ቃላት በእርሳስ አከብባለሁ። ከዚያ ድምፃዊው የት እንደሚተነፍስ ምልክት አደርጋለሁ። ትንፋሹ የአንተ መውጫ በር ነው። ትንፋሽ ሲስብ ትከሻው ከፍ ይላል። አንተ ደግሞ ከኋላ ስለሆንክ ትከሻውን ከማንም በተሻለ ታየዋለህ። አዝማቹን አንድ ዙር ሊያስረዝም ሲፈልግ፣ ዘፈኑን ሊዘጋ ሲፈልግ፣ ታዳሚውን ሊያዘፍን ሲፈልግ ሰውነቱ ቀድሞ ይናገራል። ዓይንህን ከጀርባው አትንቀል።

የድምፅ መጠንህም ሌላ ትምህርት ይፈልጋል። ኤድ ቲግፐን የሚባለውን ስማ። ከ1959 እስከ 1965 በኦስካር ፒተርሰን ትሪዮ ውስጥ ነበር፤ ከዚያ ኤላን ለዓመታት አጀበ። በ1972 ኮፐንሃገን ገብቶ ኖረ፤ ብዙ ልጆችንም አስተማረ። ብረሽ፣ ያ የሽቦ መጥረጊያ የሚመስለው መምቻ፣ በእሱ እጅ የሚያወጣው ድምፅ እንደ እስትንፋስ ነው። ብዙ የእኛ ልጆች ብረሽ ገዝተው ቦርሳ ውስጥ ይረሱታል። አንተ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ በዝግታ፣ በ60 ቴምፖ (በደቂቃ 60 ምት)፣ የቤተሰብህ ወሬ እየተሰማህ ብረሽ ተለማመድ። ከወሬው በላይ ከወጣህ በዝተሃል። ትዝታ ስትጫወት ዋጋው ይገባሃል። ድምፃዊው መግቢያውን ያለ ምት ሲያንቆረቁር ምንም አትቁጠር። ሲምባሉን በማሌት፣ ጫፉ ለስላሳ በሆነው ዱላ፣ ዳሰስ አድርገህ ጠብቀው። ምቱን እሱ ሲጠራው ትገባለህ።

ችክችካው ደግሞ ለአንተ ስጦታ ነው። ጓደኞችህ «ያው ችክችካ ነው» ብለው ሊያናንቁት ይችላሉ። ቆጥረኸው እይ። ስድስት ነው። ስድስቱን ሁለት ጊዜ ሦስት አድርገህ ትሰማዋለህ፤ ሦስት ጊዜ ሁለት አድርገህም ትሰማዋለህ። የሚያስጨፍረው ሁለቱ አብረው ስለሚሄዱ ነው። ጃዝ ስትማር ከትሪፕሌት (አንዱን ምት ለሦስት ከመክፈል) ጋር ስድስት ዓመት ኖረሃል። ያ ሁሉ እዚህ ይሠራልሃል። አንድ ነገር ግን ጠብቅ፤ ችክችካውን እንደ ጃዝ ስዊንግ ልታደርገው አትሞክር። የራሱ አረማመድ አለው። ከመጫወትህ በፊት ጭብጨባውን ስማ። ሰርግ ላይ ሰዎች ያለ ባንድ ሲያጨበጭቡና ከበሮ ሲመታ ቆመህ አዳምጥ። እኔ ከየትኛውም መምህር ይልቅ የተማርኩት ከሰርግ ቤት ሴቶች ነው።

ሌላ የምወደውን ምሳሌ ልንገርህ። ስቲቭ ጋድ በሮቸስተር፣ ኒው ዮርክ ያደገ ነው። በልጅነቱ በማርሽ ከበሮ ቡድን ውስጥ ነበር፤ ከዚያ በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማረ። ከቺክ ኮሪያ ጋር ጃዝ ተጫውቷል። በ1975 ለፖል ሳይመን «ፊፍቲ ዌይስ ቱ ሊቭ ዩር ላቨር» በተባለው ዘፈን ላይ ያን የልጅነት ማርሹን አመጣው። ግጥሙ ዝቅ ብሎ ሲተረክ ስኔሩ ላይ ማርሽ ይሄዳል፤ አዝማቹ ሲመጣ ግሩቩ፣ የሚያወዛውዘው ምት፣ ይከፈታል። ሰዎች ዘፈኑን ገና ከመግቢያው፣ በድራሙ ብቻ ያውቁታል። ሥልጠናህን ሳትደብቅ ዘፈኑን ማገልገል ማለት ለእኔ ይህ ነው። አንተም ከራስህ የምታመጣው ነገር አለህ። የትውልድ ሰፈርህ ከበሮ፣ የቤተ ክርስቲያን ይሁን የመንዙማ፣ ጆሮህ ውስጥ አለ።

ዕድሜ ልክ ያስኬዳል ወይ ላልከው፤ ያስኬዳል። ኧርቭ ኮትለር ፍራንክ ሲናትራን ከ30 ዓመት በላይ አጅቧል። ግን አንድ ድምፃዊ ላይ መተማመን ለሁሉም አይሰጥም። ስለዚህ ኤርል ፓልመርን ላንሳልህ። የኒው ኦርሊንስ ልጅ ነው፣ ልቡ ጃዝ ላይ ነበር። ግን ከፋትስ ዶሚኖና ከሊትል ሪቻርድ ጋር የቀዳቸው ዘፈኖች የሮክን ምት ከመሠረቱት ውስጥ ናቸው። ሊትል ሪቻርድ ፒያኖውን በቀኝ እጁ እኩል እኩል ሲደበድበው ፓልመር የለመደውን ሸፍል (ረዥምና አጭር እያለ የሚሄደውን ምት) ትቶ ከእሱ እጅ ጋር ገጠመ። ድምፃዊውን ሰምቶ ነው እጁን የቀየረው። ፓልመር ኖታ ያነብ ነበር። በ1957 ሎስ አንጀለስ ሲገባ ፊልም፣ ቴሌቪዥን፣ የሌላ ድምፃዊ አልበም፣ ሁሉም በሩ ተከፈተለት፤ ወረቀት ሲሰጡት ስለሚያነብ። በኋላም የከተማዋ የሙዚቀኞች ማኅበር ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሠርቷል። ኖታ ማንበብህን አትጣለው። በአገራችን አንድ ዘመን ከኪቦርድ የሚወጣ ምት የድራመሩን ወንበር ወስዶበት ነበር። ያንን ጊዜ ሳይሰደዱና ሙያ ሳይቀይሩ ያለፉ የማውቃቸው ድራመሮች ወይ የሚያነቡ፣ ወይ የሚያስተምሩ፣ ወይ ከድራም ሌላ አንድ ነገር የሚጫወቱ ነበሩ።

ጃዙን እንዴት ታቆየዋለህ? የሳምንቱን ቀንህን አትተው። ድምፃዊው ሲጠይቅህ ገና ከመጀመሪያው ንገረው። «ማክሰኞ ማታ የእኔ ናት፤ ትልቅ ሥራ ከመጣ በጊዜ ከነገርከኝ ትቀራለች» በለው። አብዛኛው ሰው ይገባዋል። ብራያን ብሌድን እይ። የሉዊዚያና ልጅ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ድራም ይመታ ነበር። በ1990ዎቹ ከቦብ ዲለንና ከጆኒ ሚቼል ጋር ቀድቷል። ከ2000 ጀምሮ ደግሞ በሳክስፎን ተጫዋቹ ዌይን ሾርተር ኳርቴት ውስጥ ሆነ፤ ያ ቡድን በዘመኑ ጃዝ ውስጥ ከላይ የሚቀመጥ ነው። አንዱ ሌላውን አልከለከለውም። እንዲያውም አንዳንዴ የጃዝህ ቀን ነው ድምፃዊውን የሚያመጣው። ዴቪድ ቦዊ በ2014 ኒው ዮርክ ውስጥ አንዲት ትንሽ ክለብ ገብቶ የዶኒ ማካስሊንን ጃዝ ቡድን ሰማ። ድራመሩ ማርክ ጁሊያና ነበር። ቦዊ እነዚያኑ ልጆች ይዞ በጥር 2016 የወጣውን የመጨረሻ አልበሙን ሠራ።

የእኛም ታሪክ ከዚህ አይለይም። ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝን ሲያበጅ ጎን ለጎን ለታወቁ ድምፃውያን ያቀናብር ነበር። አይቤክስ ባንድ፣ በኋላ ሮሃ የተባለው፣ የራሱ ድምፅ የነበረው ባንድ ነው። በ1975 ማሕሙድ አሕመድ «እረ መላ መላ»ን ሲቀዳ ከጀርባው የነበሩት እነሱ ናቸው። ፈረንጆቹ ዛሬ ያንን ሙዚቃ ሲያጠኑ ማሕሙድን ከባንዱ ለይተው አይሰሙትም።

ስለ ገንዘቡ ባጭሩ። ሥራው ወቅት አለው። ጥር ሰርግ ነው። ከፋሲካ በኋላ እንደገና ሰርግ ነው። በዓላት ላይ ኮንሰርት አለ። ሁዳዴ ሲገባ ግን 55 ቀን ለሥራ የሚደውልልህ ሊጠፋ ይችላል፤ የጥርን ገንዘብ ለእሱ አስቀምጥ። ማስተማርህንም ለዚያ ሰሞን አድርገው። የውጭ ጉዞ ሲመጣ፣ ለምሳሌ በሰሜን አሜሪካ በሐምሌ መጀመሪያ አካባቢ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ውድድር ሲሆን፣ ወይም ዱባይ በበዓል፣ የቀን ክፍያህ፣ ሆቴሉና የቪዛው ወጪ በማን እንደሆነ ሳትነሳ በጽሑፍ ያዝ። ቀብድ ተቀበል። እኔ አንድ ጊዜ በቃል ብቻ ተስማምቼ ወጥቼ ግማሹ ሳይከፈለኝ ተመልሻለሁ። ሰውየው ክፉ ስለሆነ አልነበረም፤ ማን ምን እንደሚከፍል ማንም ስላልጻፈው ነው።

ጆሮህን ደግሞ አደራ። 85 ዴሲቤል ስምንት ሰዓት መስማት እንደ ወሰን ይወሰዳል። በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ሲደርስ ሩብ ሰዓት ብቻ ነው የሚቀርህ። ከመድረክ ሞኒተር (ለሙዚቀኞች ከሚዞረው ስፒከር) አጠገብ 100 ብዙ አይደለም። በእኔ ግራ ጆሮ ሌሊት ሌሊት ፉጨት አለ፤ ሃይ ሃቱ፣ በእግር የሚዘጋው ጥንድ ሲምባል፣ ያለበት በኩል ነው። የሙዚቀኛ ጆሮ መሰኪያ ግዛ፤ ኢንኢር (ጆሮ ውስጥ የሚሰካ ማዳመጫ) ከሰጡህም ድምፁን ዝቅ አድርገው። በሁለቱም ጆሮ አድርገው እንጂ አንዱን አውልቀህ አትጫወት፤ ያን ጊዜ በተሰካው በኩል ድምፁን ትጨምራለህ።

ክሊክ ላይ፣ በማዳመጫ ቴምፖ በሚቆጥረው ድምፅ ላይ፣ ብዙ አልልህም። ትልልቅ ኮንሰርት ላይ ትራክ (አስቀድሞ የተቀዳ ድምፅ) ይኖራል፤ ብዙ ባንድ ውስጥ የሚያስነሳው ድራመሩ ነው። የእያንዳንዱን ዘፈን ቴምፖ በደብተርህ ጻፍ። ድምፃዊው ጥናት ላይ የወደደው ቴምፖና መድረክ ላይ ልቡ ሲመታ የሚፈልገው አንድ አይደለም፤ ሁለቱንም ጻፋቸው።

ሲምባሉን ያልከኝ፤ አዎ፣ ይዘህ ሂድ። ድራሙ የቤቱ ይሁን ግድ የለም፤ ስኔሩን አጥብቀህ ወይ አላልተህ ትገባበታለህ። ሲምባል ግን አይስተካከልም። የቤት ሲምባል አብዛኛውን ጊዜ ወፍራምና ጯሂ ነው፤ ጠርዙ የተሰነጠቀም ያጋጥምሃል። የጃዝ ራይድህ ስስ ከሆነ ለድምፃዊ በጣም ጥሩ ነው፤ ድምፁ ቶሎ ይሞታል፣ ቃሉን አይሸፍንም። ለትልቅ መድረክ ብቻ አንድ ወፈር ያለ ክራሽ ጨምርበት። የሃይ ሃትህንም ክላች (የላይኛውን ሳህን የሚይዘውን ብረት) አትርሳ፤ እዚያ ያለው የላላ ነው የሚሆነው። ለመጀመሪያው ጥናት ስትሄድ ሲምባሉን፣ ብረሹንና አንድ ጥንድ ማሌት ያዝ። የግጥሙንም ወረቀት ዛሬውኑ ደውለህ ጠይቃቸው።